የባለቤቴ እጅ ያረፈበት እጀታ

ይህን የምጽፈው ጥቂት ጥቂት እያልሁ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ይበልጣል ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። ስለ መሞቱ ብዙ አልልም፤ ኩላሊቱን ታሞ ሞተ፣ ሁላችሁም ቤት ያለ ሞት ነው። የምጽፈው በተዝካሩ ሰሞን ስለሆነው ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ ስለሚያስጸይፈኝ ነገር።

እኔ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ይበልጣል የስፖርት መምህር ነበር። በወጣትነቱ ለአንድ ቡድን ዒላማ ተኩስ ይወዳደር ነበርና ቡድኑን ሲለቅ አሠልጣኙ የነበሩት ሰው አንዲት ያረጀች የአየር ሽጉጥ በማስታወሻነት ሰጡት። ሽጉጥ ስላልሁ ሰው መግደያ እንዳትመስላችሁ። ባሩድ የላትም። በጎኗ ያለውን ክንድ ስበው ሲመልሱት አየር ታምቃለች፤ ቃታዋ ሲሳብ ምስር የምታህል የእርሳስ ጥይት ወረቀት ላይ ትተፋለች። ከወረቀት በቀር ጠላት የላትም።

እጀታዋ ከእንጨት ነው፤ አንዲት ብሎን ብቻ ናት ከብረቱ ጋር የምትይዘው። ፋብሪካው ለሰፊ የፈረንጅ እጅ የቀረጸው ስለነበር ይበልጣል ለዓመታት ሲያስተካክለው ኖረ። የበዛውን በሞረድ ይፍቃል፣ የጎደለውን በኮላ በለወሰው ሰጋቱራ ይሞላል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ይዞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይፍቃል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ብሎኗን እይዝለት ነበር። በስተመጨረሻ እጀታው የእጁ ቅርጽ ሆነ። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ጉድጓድ፣ መዳፉ የሚቀመጥባት መደርደሪያ፣ በልጅነቱ ማጭድ ቆርጦት ጎብጦ የቀረው መሐል ጣቱ የሚያልፍበት ቦይ ሁሉ እዚያ ነበር። ላቡን ጠጥቶ ጠቁሯል።

ከሞተ በኋላ ሽጉጧን ከቁም ሳጥን አውጥቼ እጄን እዚያ ውስጥ አስገባ ነበር። እጄ ትንሽ ነው፤ በዙሪያው ክፍተት ይተርፋል። ያ ክፍተት እሱ ነበር። ፎቶግራፉ እንደዚያ አይሆንልኝም።

ልጃችን ማስተዋል ዐሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የአባቷን ስፖርት ይዛለች። ከተዝካሩ በኋላ ለቡድን የሚመረጥበት ውድድር ነበረባት። አሠልጣኟ፣ «ሽጉጡ ጥሩ ነው፤ እጀታው ግን እጅሽ ውስጥ ይዞራል። ለራስሽ የሚሆን አሠሪ» አላት። መጥታ ነገረችኝና ቀጥላ፣ «የአባዬን ግን አንነካውም፤ እሱ ይቀመጥ፣ ሌላ እናሠራ» አለች። ልጄ ናት፤ ሳልነግራት አወቀችው።

ዳንግላ የሚኖረው የይበልጣል ታናሽ ወንድም ገረመው ይህን ሲሰማ፣ «የማውቀው አናጢ አለ፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ወደ እኔ ኑ» አለን።

ስለ ገረመው አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ወንድ ሲሞት መሣሪያው ይወጣል። ጠመንጃው፣ ጅራፉ፣ የፈረሱ ዕቃ ለቅሶው መሐል ይዞራል፤ አስለቃሿ እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። ይበልጣል ጠመንጃ አልነበረውም። በቀብሩ ቀን ወንበር ላይ የወጡለት ኮቱና ተማሪዎቹ ሲለማመዱ የሚነፋት ፊሽካ ነበሩ። ከገጠር የመጡት ዘመዶች እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ፊሽካ? ዳኛ ነው እንዴ የሞተው?» ሲል ገረመው ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ። ወንድሙን ይወድ ነበር፤ አልዋሽም። መቃብሩ ላይ ሲወድቅ ሦስት ሰው ነው ያነሣው።

ብረቱን ቤት ትቼ እጀታውን ብቻ ፈትቼ በነጠላ ጠቀለልሁት። በዚህ ጊዜ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ይዞ ሚኒባስ ላይ መውጣት አይታሰብም። ከማስተዋል ጋር ዳንግላ ወረድን፤ ከመናኸሪያው በጋሪ ሄደን ገረመውን ከአናጢው ቤት ደጅ አገኘነው።

አናጢው ደሳለኝ ይባላል። ሶፋ ይሠራል፣ ቁም ሳጥን ይሠራል፣ የሬሳ ሣጥንም ይሠራል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቀይ ቫርኒሽ ተቀብተው ደጁ ላይ ተደርድረዋል። እጀታውን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ይኼ ምንድን ነው? ዝንጅብል ነው?»

«እጀታ ነው» አልሁት።

«እጀታማ ቀጥ ያለ ነው፣ እመቤት። ይኼ በሽታ ያለበት ነው።»

ገረመው ሣቀ። ማስተዋል አልሣቀችም። እኔ የምፈልገውን አስረዳሁት፦ አዲስ እጀታ፣ በልጅቷ እጅ ልክ። የውስጡ ቦይና የብሎኗ ቀዳዳ እንደዚህ እንዳለው ይሁን፤ የላዩ ቅርጽ የእሷን መዳፍ ይከተል። ደሳለኝ ከሰጋቱራው ክምር ሥር እንጨቶች እየጎተተ አወጣ።

«ወይራ ልስጥዎት። የልጅ ልጅዎ ይይዘዋል።»

«ይከብዳል። ሽጉጥ ከኋላ ሲከብድ አፈሙዙ ቀና ይላል።»

«ጽድስ? ይሸታል፣ ደስ ይላል።»

«ብሎን ሲጠብቅበት ይሰነጠቃል።»

«ሴትዮዋ ወታደር ናት እንዴ?» አለው ለገረመው።

«የወታደር ሚስት ናት» አለ ገረመው። ይበልጣል ወታደር ሆኖ አያውቅም።

ከአሮጌ አልጋ የተፈታ የዋንዛ ጣውላ አየሁና እሱን መረጥሁ። ቀላል ነው፣ ቆይቶ ደርቋል፣ ላብ ይጠጣል። ብሎኗ እንዳትበላው ከሥሯ ሮንዴላ የሚሉት ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት ይገባል አልሁ። ማስተዋል እጇን እዚያው ጣውላ ላይ ዘረጋች፤ ደሳለኝ በእርሳስ ዙሪያውን አሠመረ፤ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ ቃታ ሳቢዋ ጣት አንጓ ለካ።

«ቫርኒሽ እንዳትቀባው» አልሁት። «ያንሸራትታል።»

ተቆጣ። «ቫርኒሽ ያልተቀባ ዕቃ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም! ሬሳ ሣጥን እንኳ፣ አፈር ሊገባ፣ እቀባዋለሁ!»

«ለሴት ልጅ መጫወቻ ይኼ ሁሉ?» አለ ገረመው። «እትየ፣ ይልቅ የእሱን እጀታ ደህና አድርገን ብናሠራው ምን ነበረበት? እዪው እስቲ፣ የወንድ መሣሪያ እጀታ ይመስላል?»

«የእሱ አይነካም፣ ገረመው። ለንድፍ ብቻ ነው የምተወው። አንድ ጭረት እንዳታገኘው።»

«እንደ እንቁላል ነው የምይዘው» አለ ደሳለኝ።

«ለተዝካሩ ስመጣ ሁለቱንም ይዤልሽ እመጣለሁ» አለ ገረመው። እጀታውን ለአናጢው ስሰጥ እጄ አልለቅ ብሎ ትንሽ ተጎተተ። ማስተዋል ይዛኝ ወጣች።

በተዝካሩ ዋዜማ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ የጎረቤት ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ገረመው ከእናቱ ጋር ደረሰ። እናቱ የመነኮሱ ናቸው፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ከልጃቸው ጋር ግን በአዊኛ ነው የሚያወሩት። ገረመው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ወደ ጓዳ ጠራን።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ፤ እንደ ሙሽራ።

ዓይኔን አልጨፈንሁም። ጋቢውን ሲፈታው መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቁም ሳጥን ሥር የሞተ አይጥ ታውቃላችሁ? እሱ ላይ ቫርኒሽ ደፍታችሁ አስቡት። ማስተዋል አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

ጋቢው ላይ የተቀመጠው የቀንድ እጀታ ነበር። በግራም በቀኝም ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ ቀንድ ተለጥፎበታል፤ በቢጫ ምስማሮች ኮከብ ተሠርቶበታል፤ ከላይ እስከ ታች ያ ቀይ ቫርኒሽ ተደፍቶበት ያበራል።

«ይኼ የማስተዋል ነው?» አልሁት።

«ኧረ የወንድሜ ነው! የሷ ዋንዛ እንኳ ገና አልተነካም፣ ይኸው ጣውላው፤ በኋላ ይደርሳል። ለተዝካር የሚቀድመው የቱ ነው?»

አንሥቼ አየሁት። ከኋላ፣ በቀንዶቹ መካከል፣ ጣት የምታህል ጥቁር እንጨት ትታያለች። የማውቃት እንጨት ናት። ያን ጊዜ ገባኝ። ቀንዱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ካልሆነ አይቀመጥም። የአውራ ጣቱን ጉድጓድ በመላጊያ ልጠውታል። የመሐል ጣቱን ቦይ ልጠውታል። መዳፉ የሚቀመጥባትን መደርደሪያ በመጋዝ ቆርጠዋታል። ገልብጬ ውስጡን አየሁት፤ የብረቱ ቦይና የብሎኗ ቀዳዳ እንደ ነበሩ ናቸው። ከዚያች ጣት ከምታህል እንጨት በቀር የተረፈው የይበልጣል እጅ ነክቶት የማያውቀው ቦታ ብቻ ነበር።

«የተላጨው የት አለ?»

«ምኑ?»

«ፍቅፋቂው። ቁራጩ።»

ገረመው ግራ ገብቶት አየኝ። «ደሳለኝ እሳት አነደደበት መሰለኝ። ኮላ ሲያሞቅ። ምን ይሠራልሻል?»

«ቀንዱስ ከየት ነው?»

ፊቱ በራ። የጠበቃት ጥያቄ ይህች ነበረች። «ከራሱ በሬ ነዋ! የሠልስቱ በሬ! ሲታረድ ቀንዱን ለይቼ ወሰድሁት። ውስጡ ያለው አጥንት እንዲለቅ ፍግ ውስጥ ቀበርሁት። ትንሽ ቢቆይ ጥሩ ነበር፣ ጊዜ አጠረን እንጂ። ሲነፍስበት ሽታው ይጠፋል።»

ቀንዱና እንጨቱ በተጋጠሙበት ጠርዝ አንድ ቢጫ ነገር ጠብ ብሎ መዳፌ ላይ ቀረ። ወደ ጓሮ ወጥቼ የቀርቀሃውን አጥር ይዤ አስመለስሁ። ሴቶቹ ሐዘን ነው ብለው ጀርባዬን አሹኝ።

ስመለስ ማስተዋል እያለቀሰች አጎቷ ላይ ትጮኻለች። «ጋሼ፣ አንነካውም ተባብለን አልነበረም? እማዬ አልነገረችህም?»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም» ይላታል። «ለአባትሽ ክብር ነው።»

ከዚያ ብረቱን ጠየቀኝ። እንቢ አልሁት። እማሆይ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደኔ መጡና፣ «ልጄ» አሉኝ፤ «ልጄ መሣሪያ ሳይወጣለት ነው የተቀበረ። ለኔ ስትይ። ለአንድ ቀን።» ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። የባሌ እናት ናቸው። ከመሬት አነሣኋቸውና ብረቱን ከቁም ሳጥን አወጣሁ።

ገረመው ካቻቢቴ ይዞ ቀረበ። የብሎኗን ጥርስ ሊበላው እንደሆነ አየሁና ነጠቅሁት። ይበልጣል ብሎኗን እንዴት እንደሚያስገባት አውቃለሁ፤ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በመፍቻው ቀስ እያሉ። እናም ያንን የገማ ነገር በገዛ እጄ የባሌ ሽጉጥ ላይ ገጠምሁት። ቫርኒሹ ገና ስላልደረቀ ይጣበቃል። ገረመው አጠገቤ ቆሞ፣ «እንዲህ ነው! አሁን ሽጉጥ መሰለ!» ይላል። በሕይወቴ ብዙ አስጸያፊ ነገር ነክቻለሁ፤ ሕመምተኛ አስታምሜአለሁ፣ ባሌ ሲያልፍ ያጠብሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ውስጥ አንዱም እንደዚያ ቀን እጄን አላስጠላኝም።

በማግሥቱ ጸሎቱ ደርሶ ካህናቱ ተሸኙ። ሕዝቡ ዳሱን ሞልቶ ይበላል። ገረመው ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሽጉጧን ወደ ላይ ይዞ መሐል ገባ። የወንድሙን ጀግንነት ይናገር ጀመር። ይበልጣል የማያውቀውን ጦርነት፣ ይበልጣል ያልረገጠውን ዱር። የገጠሮቹ ሽማግሌዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። እማሆይ አለቀሱ። ለደቂቃ ያህል፣ እውነቱን ልናገር፣ ለእሳቸው ደስ አለኝ።

ከወደ ጠላው ጋን አንዱ ጮኸ። «ተኩሳ! ለወንድምህ አትተኩስም?»

«ተኩስ!» አሉ ሌሎቹ።

ገረመው ወደ ሰማይ ደግኖ ቃታውን ሳበ። ክንዱ መሳብ እንዳለበት አያውቅም፤ አየር አልታመቀባትም። ቀጭ አለች። ደግሞ ሳበ። ቀጭ።

«ጾም ላይ ናት እንዴ?» አለ ያ ሰው።

ዳሱ በሣቅ ተናጋ። አንዱ ተነሥቶ ከገረመው እጅ ወሰዳትና አፈሙዟን አየ። ትንሿን ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም። «ኧረ ወገኖቼ፣ ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት! ወፍ እንኳ አትገድልም!» ከዚያ እጁን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «ደግሞ ትገማለች!»

«ይበልጣል በዚህች ነው ጀግና የነበረ?» አለ ሌላው፣ አጥንቱን ከአፉ ሳያወጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በገረመው ላይ አልሣቁም። የሣቁት በይበልጣል ላይ ነበር። ጀግና ነኝ ብሎ በማያውቅ ሰው፣ በሞተ ሰው፣ የእሱን ተዝካር እየበሉ። ከንፈራቸው በስብ ያብረቀርቃል፤ ጥርሳቸው መሐል የገባው ሥጋ ይታየኛል። ገረመውም ምን አደረገ መሰላችሁ? አብሯቸው ሣቀ። ፈራ መሰለኝ፤ ሣቀ።

ባል የሞተባት ሴት ወንዶቹ መሐል አትገባም። ገባሁ። ሽጉጧን ከሰውየው እጅ ተቀበልሁ፤ መፍቻው በቀሚሴ ኪስ ነበር። እዚያው ቆሜ ብሎኗን ፈታሁ። ቀንዱን ለገረመው አቀበልሁት።

«ይኼ የበሬው ነው» አልሁት። «ብረቱ የልጄ ነው።»

«እትየ፣ በሰው ፊት...» አለ ቀስ ብሎ።

«ትላንት በጓዳ ነግሬህ ነበር።»

ወደ ቤት ስገባ ከኋላዬ አንዷ ሴት፣ «ሐዘኑ ናላዋን ነክቶት ነው፣ ምስኪን» ስትል ሰማሁ። ከዚያ የብርጭቆው ድምፅ ቀጠለ። ወጥ ይጨመርልን የሚልም ነበር። ማስተዋል በሩን ዘጋችው። በአመድም በሎሚም እጄን ታጠብሁ።

የማስተዋልን እጀታ ራሳችን ሠራነው። የዋንዛው ጣውላ እጃችን ላይ ነበረ፤ ብረቱም ነበረ። ደሳለኝ ያሠመረውን የእጇን ቅርጽ ተከትለን በሰፈራችን እንጨት ቤት በመጋዝ አስቆረጥነው። የቀረውን በሞረድ ሠራን። ይበልጣል ያስተማረን ዘዴ አለ፦ መዳፏን ከሰል ትቀባለች፣ እንጨቱን ጨብጣ ትለቃለች፣ የጠቆረው ቦታ የሚጫናት ስለሆነ እሱን እፍቃለሁ። ከሰል በእኛ ከተማ አይጠፋም። ደጋግመን፣ ደጋግመን። አንድ ቀን እንጨቱን ይዤ የአውራ ጣቱን ጉድጓድ ለማውጣት ስሞክር ማስተዋል አስቆመችኝ።

«እማዬ፣ እዚያ ጋ እኔ ጣት የለኝም።»

ልክ ነበረች። በስተመጨረሻ የጠቆረው መዳፏ በእንጨቱ ላይ እኩል ሲያርፍ መፋቄን አቆምሁ። ቫርኒሽ አልቀባንም። ውድድሩ አለፋት፤ ለሚቀጥለው እየተለማመደች ነው።

ገረመው ሽማግሌ ልኮ ታርቀናል። እንደማይገባው አውቃለሁ፤ አሁንም የተበደለው፣ በሰው ፊት የተዋረደው እሱ እንደሆነ ያስባል። የቀንድ እጀታውን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል አሉ፤ ብረት የሌለው እጀታ። ለእንግዳ፣ «የወንድሜ መሣሪያ ነው» ይላል።

እኔን የለወጠኝን ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዝካር ቤት ሄጄ አልበላም። እሄዳለሁ፣ ሐዘንተኛዋን አቅፋለሁ፣ ምግብ ሳይቀርብ እወጣለሁ። ትዕቢት ነው የሚሉኝ አሉ። ሥጋው አፌ ውስጥ ሲገባ ያ ሣቅ ይመጣብኛል፤ መዋጥ አልችልም። እናንተ የምታነቡኝ፣ ቤታችሁ ሰው የሞተባችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ስለ ሟቹ ክብር ከመጨነቃችሁ በፊት አብራው የኖረችውን ጠይቁ። የትኛው ዕቃ እንደሚነካና እንደማይነካ እሷ ታውቃለች። የሟች ክብር እንግዳ ዓይን ውስጥ አይደለም ያለው። አንዳንዴ ላብ የጠጣች እንጨት ውስጥ ነው፤ አስቀያሚ ልትሆን ትችላለች፤ ዝንጅብል ልትመስል ትችላለች።

ሙት ዓመቱ ደርሷል። ገረመው በሬ እየቀለብሁ ነው ብሎ ላከብኝ። በሬ አልፈልግም፣ ዳስም አልጥልም አልሁት። ለዘመድ ሁሉ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይምጣ፤ የሚበላ የለም፤ ከእኔና ከማስተዋል ጋር ተቀምጦ ስለ ይበልጣል የሚያስታውሰውን አንድ እውነተኛ ነገር ይንገረን።

እስካሁን እመጣለሁ ያለኝ ሰው የለም።